የወረቀቱን ጀርባ አንብቡ

“ባሕር በሌለው አገር የባሕር ሕግ ታስተምራለህ?” ይህን ያላለኝ ዘመድ የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበ ቁጥር “የኔ ልጅ እኮ የመርከብ ሕግ ነው የሚያስተምረው” ትልና ትስቃለች። ጎረቤቶቹም ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በሆዴ ግን “ይሄ የያዛችሁት ሲኒ በእግሩ የመጣ መሰላችሁ?” እላለሁ።

ሰሞኑን ሕግ የምታጠኑ ልጆች ስለዚሁ ሙያ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። የዓለም አቀፍ ንግድና የትራንስፖርት ሕግ መምህር መሆን ያዋጣል ወይ? ከየት ይጀመራል? ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም። መልሴን ግን ከአንድ ውርደት ልጀምር።

ማስተማር ስጀምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የማታውን ክፍል ሰጡኝ፤ ማታ ማስተማር የሚወድ አልነበረማ። ተማሪዎቼ የባንክ ሠራተኞች፣ የጉምሩክ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ናቸው። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። እኔ ደግሞ ከረባት አስሬ የ1924ቱን (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የባሕር ጭነት ሕግ፣ የሄግ ደንቦችን፣ በቃሌ አወርደዋለሁ። አጓጓዡ ከጉዞው በፊት መርከቡን ለባሕር ብቁ ለማድረግ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት፣ ምናምን። ከኋላ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸውን በትራንዚተርነት፣ የሰው ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ በማስለቀቅ፣ የጨረሱ ናቸው።

“መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ በእጅዎ ይዘው ያውቃሉ?”

አጓጓዡ ዕቃውን ሲረከብ የሚሰጠውን የጭነት ሰነድ ማለታቸው ነው። “በመጽሐፍ አውቀዋለሁ” አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰውዬው የአንዱን ቢል ኦፍ ሎዲንግ ኮፒ ይዘው መጡ። የነጋዴውንና የመርከቡን ስም በፍሉድ አጥፍተውታል። ለሁላችንም በራሳቸው ገንዘብ አባዝተዋል። ዕቃው አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ ስንመልሰው “400 ካርቶን ሲኒ ይዟል የተባለ” ይላል። ያኔ ዕቃ የሚገባው በአሰብ ነበር። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ሲኒው አብዛኛው ስብርባሪ ሆኗል።

“ይዟል የተባለ ነው የሚለው” አሉ። “ማነው ያለው?”

ያለው ላኪው ነው። መርከቡ የታሸገ ብረት ሣጥን ተቀበለ እንጂ ሲኒ አልቆጠረም። ይህን መለስኩ፤ ትንሽ ነፍስ ዘራሁ። ሰውዬው ግን አልጨረሱም። ካልኩሌተር አወጡ። የ1952ቱ (በኛ አቆጣጠር) የባሕር ሕጋችን አጓጓዡ ለአንድ ጥቅል ከ500 ብር በላይ አይጠየቅም ይላል። ጥቅሉ ካርቶኑ ከሆነ 400 ጊዜ 500፣ 200,000 ብር። ጥቅሉ ኮንቴይነሩ ከሆነ 500 ብር። “የትኛው ነው መምህር?”

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የባንክ ሠራተኞቹ ካርቶኑ ነው አሉ። አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ ከማን ወገን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ኮንቴይነሩ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጥቶ እስኪያስወጣን ተከራከርን። እኔ መልሱን አላውቀውም ነበር። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ስገለብጥ አደርኩ።

ያገኘሁት መልስ ሳይሆን ታሪክ ነው። ኮንቴይነር የጫነው የመጀመሪያው የታወቀ መርከብ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ የያዘው 58 ኮንቴይነር ብቻ። የኛ ሕግ የወጣው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። አርቃቂዎቹ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ጆንያ፣ በርሜልና የእንጨት ሣጥን ነው። ዓለም በ1968 (እ.ኤ.አ.) በሄግ ደንቦቹ ላይ በተደረገው የቪስቢ ማሻሻያ ነገሩን አጠራው፤ ወረቀቱ ላይ በቁጥር የተዘረዘረው እንደ ጥቅል ይቆጠራል ተባለ። የኛው ግን እንደ ተጻፈ ቀረ። 500 ብሩም ያኔ ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ዛሬ ስንት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት።

እኔን ለዚህ ሙያ ያስያዘኝ ያቺ ምሽት ናት። ዲግሪው አይደለም።

አንድ ነገር ረሳሁ። ሰውዬው ሊወጡ ሲሉ “ይገልብጡት” አሉኝ። ጀርባው ላይ ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ ተደርድሯል። አነበብኩት። ክርክር ቢነሣ የሚታየው ለንደን ነው፣ በእንግሊዝ ሕግ። ክሱም ዕቃው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ቀረ። መርካቶ ሱቁ ላይ ሲኒ የሚጠብቅ ነጋዴ ለንደን ሄዶ ይክሰስ ማለት ነው። ፊቱን ሁሉም ያነባል፤ ዋጋ፣ ክብደት፣ ቁጥር አለበት። ጀርባውን የሚያነብ ሰው ግን ብርቅ ነው። እናንተ ለዚያ ሥራ ነው የምትፈለጉት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃው ያለበት ሂዱ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሄዳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። የኮንቴይነር እሽግ ሲቆረጥ ቁሙና እዩ። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ሲመሳከር እዩ። ከሾፌሮቹ ጋር ሻይ ጠጡ። ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል እስከ ሞጆ ያለውን መንገድ እንደነሱ የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ አላየሁም። “ዕቃው ወደብ ደርሷል” ሲባል ግማሹ ጅቡቲ ማለቱ ነው፣ ግማሹ ሞጆ። ቀላል ቃል ይመስላል። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው። ዕቃው በዩኒሞዳል ከመጣ የባሕር አጓጓዡ ጅቡቲ ላይ አስረክቦ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባለዕቃው ራስ ምታት ነው። በመልቲሞዳል ከሆነ በአዋጅ 548/1999 መሠረት አንድ ኦፕሬተር ከተረከበበት እስከሚያስረክብበት ድረስ ይጠየቃል። ይህን በሰሌዳ ላይ ለዓመታት ሥዬዋለሁ። ሞጆ አንድ ቀን ቆሜ ያየሁትን ያህል አልገባኝም ነበር።

ቀጥሎ አማርኛችሁ። አትሳቁ። በእንግሊዝኛ ተምራችሁ በአማርኛ ነው የምትከራከሩት፣ የምትመሰክሩት። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ፍርድ ቤት ቆሞ “ካሪየሩ ላያብል ነው” አለ። ዳኛው ቀና ብለው “ማነው እሱ?” አሉት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አጓጓዥ የሚለው ቃል ግን አልመጣለትም። የፌዴራል ሕግ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያይ ደግሞ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው፤ አዋጅ 3/1987 ያለው እንደዚያ ነው። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ልዩነት ያገኛችሁበት ቦታ ሁሉ አንድ የጥናት ርዕስ አለላችሁ። ከውጭ ጽሑፍ ርዕስ ከመለመን ይሻላል።

ትንበያ ላይ አደራ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተባበሩት መንግሥታት ሮተርዳም ደንቦች የሚባለውን የባሕር ጭነት ስምምነት ተቀበለ። እኔም ጊዜ ሳላጠፋ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ “በአምስት ዓመት ውስጥ የዓለም ሕግ ይሆናል” ብዬ። በልበ ሙሉነት! ሥራ ላይ ለመዋል ሃያ አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። እስካሁን ያጸደቁት እንደ ስፔን፣ ቶጎ፣ ኮንጎ፣ ካሜሩንና ቤኒን ያሉ ጥቂት አገሮች ናቸው። ጽሑፌን ዛሬም አልፎ አልፎ የሚጠቅስ ተማሪ ይገኛል፤ ባየሁት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። የመርከብ ኩባንያዎች፣ ባለጭነቶችና መንግሥታት የተለያየ ነገር እንደሚፈልጉ ረስቼ የስምምነቱን ውበት ብቻ ነበር ያየሁት።

ተማሪ ፊት ስትቆሙ ደግሞ ከቤታችን ነገር ጀምሩ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ሱዌዝ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ለስድስት ቀን መንገድ ዘጋ። ባለመርከቡ ጄኔራል አቨሬጅ አወጀ። ይህን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሳስረዳ ክፍሉ ያንቀላፋል። “የመርከብ ዕድር ነው” ስል ግን ይነቃል። መርከቡንና ጭነቱን ለማዳን የወጣውን ወጪ ባለመርከቡ ብቻውን አይሸከምም፤ ዕቃው የተጫነ ሁሉ እንደ ንብረቱ መጠን ያዋጣል። ኮንቴይነርህ ጭረት ባይነካውም ዋስትና ሳታቀርብ አይለቀቅልህም። “ጋሼ፣ ዕድር እኮ የሞተበት ሰው አያዋጣም” አለችኝ አንዷ። ልክ ናት፤ እዚህ ባለመርከቡም ያዋጣል። ምሳሌው እስከዚያ ድረስ ነው የሚሄደው።

ገንዘቡን በአጭሩ። በመምህር ደመወዝ አትከብሩም። አብረውኝ የጀመሩት ብዙዎቹ ወደ ባንክና ኢንሹራንስ ሕግ ክፍል ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጅ ያሳድጋሉ። የማማከር ሥራ ይመጣላችኋል፤ ሥሩ። ነገር ግን ዛሬ ለአጓጓዡ የጻፋችሁትን ነገ ክፍል ውስጥ እንደ እውነት እንዳታስተምሩት። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ተማሪዎቹ አላወቁብኝም፤ እኔ ግን ያን ሴሚስተር አልወደውም።

ያቺ ኮፒ አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለች። ሰውዬው ካረፉ ቆይተዋል። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን አባዝቼ አድላታለሁ፣ ምንም ሳልናገር። ግማሹ ክፍል ፊቱን አንብቦ ወረቀቱን ያስቀምጣል። ዘንድሮ አንዲት ልጅ ብቻ ገለበጠችው። ብዙ ስለተባዛ ጀርባው አይነበብም ብላ ቅር አላት። ትራንዚተር ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ አዲስ ኮፒ አምጡልኝ፤ ስሙን በፍሉድ ማጥፋት አትርሱ።