አታስቸግርም ያልሽኝ ልጅ

ደብዳቤው (ጥቂት አሳጥረነዋል)፦

«ጃፓን፣ ሃማማትሱ ከተማ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ባለቤቴ ብራዚላዊ ነው፤ አያቶቹ ከጃፓን ወደ ብራዚል የተሰደዱ ናቸው። ሁለታችንም የምንሠራው የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ 140 ካሬ ላይ የጀመርኩት ቤት አለ፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው አልለበሰም። ባለቤቴ ድሮ ትርፍ ሰዓት ሲባል መጀመሪያ እጁን የሚያወጣ ሰው ነበር። አሁን ዛንግዮ (ትርፍ ሰዓት) ሲጠሩ ስሙን አያስጽፍም። ‘ቤቱ ይቆይና ልጅቷን እናምጣት’ ይለኛል። ከእሱ በፊት የወለድኳትን ልጄን ማለቱ ነው። 9 ዓመቷ ነው፣ ከእናቴ ጋር ናት። በአካል አይቷት እንኳን አያውቅም! ምንም የጎደለባት ነገር የለም፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ስደውልላት እንደ ትልቅ ሰው ነው የምታወራኝ፤ አታስቸግርም፣ ይሄን ላኪልኝ እንኳን አትልም። እሱ ግን ከእሷ ጋር ሳወራ ተነስቶ በረንዳ ይወጣል።

በእርግጥ እሱም 7 ዓመቱ ላይ እናቱ ወደ ጃፓን ስትሄድ ሎንድሪና የሚባል የብራዚል ከተማ ከአያቱ ጋር ቀርቷል። 15 ሲሞላው አመጣችው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ሥራ ሲጠፋ ደግሞ የጃፓን መንግሥት የመመለሻ ገንዘብ ሰጥቷት እሷ ተመለሰች፣ እሱ እዚሁ ቀረ። የእሱ አስተዳደግ ግን ከልጄ ጋር አይገናኝም። ለእናቱ ያለውን አክብሮት ብታይ ትገረማለህ፤ እሑድ እሑድ ይደውልላታል፣ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግባት ሰምቼ አላውቅም። ቁጣው ሁሉ ለእኔ ነው። ሰው እንዴት በአንዴ ሰነፍ ይሆናል? ምን ብዬ ወደ ሥራው ልመልሰው?»

መልስ፦

እህቴ፣ የጻፍሽልኝ ሰው ሰነፍ አይመስለኝም። ትርፍ ሰዓት የተወ እንጂ ሥራ የተወ አይደለም፤ ትርፍ ሰዓቱን የተወውም ገንዘቡ የሚሄድበትን ስለሚያውቅ ይመስላል።

የባለቤትሽ ወገኖች ታሪክ እዚህ ላይ ያስፈልገናል። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 ጃፓናውያን ሠራተኞች ይዛ ከጃፓኑ ኮቤ ወደብ የተነሳችው በ1908 ነው፤ ሰኔ ላይ የብራዚሉ ሳንቶስ ወደብ ደረሰች። ሰዎቹ በሳኦ ፓውሎ እርሻዎች ቡና ሊለቅሙ ነው የሄዱት። (የእኛው ቡና ያልደረሰበት አገር የለም!) ጥቂት ዓመት ሠርተው ገንዘብ ይዘው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። ከእነሱና ከእነሱ በኋላ ከሄዱት አብዛኞቹ ግን ሳይመለሱ እዚያው ወለዱ፣ እዚያው ተቀበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ብራዚል በዋጋ ንረት ስትታመስ፣ ጃፓን ውስጥ ፋብሪካው የሰው እጅ አጣ። በ1990 ሥራ ላይ የዋለው የኢሚግሬሽን ሕግ እስከ ሦስተኛ ትውልድ ላሉ የጃፓን ተወላጆችና ለትዳር ጓደኞቻቸው በር ከፈተ። ሃማማትሱ፣ ቶዮታ፣ ኦይዙሚ የተባሉት የጃፓን ከተሞች በብራዚላውያን ተሞሉ፤ በ2007 ቁጥራቸው ከ310,000 በላይ ደርሶ ነበር። ደካሴጊ የሚባሉት እነዚህ ሠራተኞችም ሲነሱ ሐሳባቸው ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ መመለስ ነበር። ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ። በ2009 የጃፓን መንግሥት ለሠራተኛው 300,000 የን፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል 200,000 የን እየሰጠ፣ በዚያው ቪዛ ቶሎ እንዳይመለሱ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ሸኛቸው። 20,000 ያህል ብራዚላውያን ተቀብለው ሄዱ፤ አማትሽ ከእነሱ አንዷ መሆናቸው ነው።

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ «ለጊዜው ነው» የሚለውን ቃል አያቶች ብለውታል፣ እናት ብላዋለች። አሁን ደግሞ ባለቤትሽ ከአንቺ ይሰማዋል። ጣሪያው ያልለበሰው ቤት ለአንቺ ተስፋ ነው። ለእሱ ግን እናቱ እየተሠራ ነው ስትለው የኖረችው ሌላ ቤት ነው።

ይህን እንኳን አንቺም ሳታስቢው አልቀረሽም። ከደብዳቤሽ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ቦታ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያመሰገንሽበት ቦታ። ልጅሽን አታስቸግርም አልሽኝ፤ ባለቤትሽን ለእናቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም አልሽኝ። ሁለቱንም እንደ ጨዋነት ነው ያቀረብሽልኝ። ከዚያ አስተዳደጋቸው አይገናኝም አልሽ።

ልጅ የማያስቸግረው ማን ፊት ነው? እንግዳ ፊት ነው። እኛ ቤት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ሥርዓት ይይዛል፣ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል፣ ቢርበውም አይጠይቅም። እንግዳው ሲወጣ ነው እናቱ ቀሚስ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያለቃቅሰው፣ አልበላም የሚለው። ልጅ የሚያኮርፈው ባኮርፍባትም አትሄድም ብሎ በተማመነባት ሰው ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሄደችን እናት ግን ማስቀየም ያስፈራል። በስልክ ያለሽው ጊዜ አጭር ነው፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል፤ በዚያች ደቂቃ ተኮርፎ ቢዘጋስ? ስለዚህ ትንሿ ልጅ ራሷን ታሰማምራለች። «ደህና ነኝ፣ ትምህርት ጥሩ ነው፣ አያቴም ደህና ናት» ትላለች። አንቺ ደስ ብሎሽ ትዘጊያለሽ።

ጆን ቦልቢ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን ይከታተሉ ነበር። በዚያ ዘመን ወላጅ እንደ ልቡ ገብቶ ልጁን መጠየቅ አይፈቀድለትም። ሕፃኑ በመጀመሪያ ይጮኻል፣ በሩን በሩን ያያል። ቀጥሎ ይከፋዋል፣ ዝም ይላል። ሦስተኛ ላይ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ለነርሷ ፈገግ ይላል፤ ሠራተኞቹም «ለመደ» ብለው እፎይ ይላሉ። እናቱ ስትመጣ ግን ሊያውቃት አይፈልግም፣ ወይም ያመጣችለትን ዕቃ ተቀብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱ ሰዎች የሚያሳስበው የሚያለቅሰው ልጅ ሳይሆን ለመደ የተባለው ልጅ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ቀስ በቀስ ደንባቸውን ቀየሩ። እነዚያ ግን በጣም ትንንሽ ሕፃናት ነበሩ፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ያንቺ ልጅ በአያቷ እቅፍ ውስጥ ናት፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ አቅልዬ አላየውም። ለእናትሽም ምስጋና ይገባቸዋል። በልጅቷና በአንቺ መካከል ያለው ክር ግን በአያት አይቀጠልም።

አሁን ባለቤትሽን እይው። ከ7 እስከ 15 ዓመቱ እናቱን በስልክ አመስግኖ አደገ። እሑድ እሑድ የሚደውልላት እስካሁን ያው ልጅ ይመስለኛል። እናቱን አንድ ቀን «ለምን ትተሽኝ ሄድሽ?» ብሎ ቢጮኽባት ኖሮ ምናልባት ዛሬ የተሻለ ይዋደዱ ነበር። በረንዳ የሚወጣው ልጅሽን ጠልቶ አይመስለኝም፤ የምትናገረውን የጨዋ ልጅ ቋንቋ እሱ አሳምሮ ስለሚያውቀው ነው። የሚቆጣው በአንቺ ላይ መሆኑን ስሞታ አድርገሽ ጽፈሻል። እኔ ግን ደህና ምልክት ነው ያየሁት። አትሄድም ብሎ ያመነብሽ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም። (ስድብ ወይም ዱላ ካለበት ግን ይህ አባባሌ አይሠራም፤ ጻፊልኝ።)

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበልሽ። የቤቱን ካሬ ጽፈሽልኛል። ልጅሽን ስንት ዓመቷ ላይ ትተሻት እንደወጣሽ፣ መጨረሻ መቼ እንዳየሻት ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እናት ልጇን ለእናቷ ሰጥታ የምትሰደደው ጨክና ሳይሆን ተቸግራ ነው። ሥራ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ የሚቆጠሩ ነገሮች ናቸው፤ ናፍቆትን ከመቁጠር ይቀላሉ። አንቺም እዚያ ተጠልለሽ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ባለቤትሽ መጠለያሽን ሲነካው ነው የተቆጣሽው።

ሁሉም እውነት በእሱ በኩል ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ ሰው ሌላ ልጅ ሊያድን ሲነሳ የሚያድነው የድሮ ራሱን ነው፤ ልጅሽ ደግሞ እሱ አይደለችም። ብትመጣ ወደ እናቷ ስትመጣ፣ ያሳደገቻትን ሌላዋን እናቷን ታጣለች፤ የመጀመሪያው ዓመት በእልልታ አያልፍም። ያን ጊዜ ያቺ የማታስቸግር ልጅ ልታስቸግርሽ ትችላለች፤ ደግሞም ብታስቸግርሽ ይሻላል። ጃፓን ውስጥ የግዴታ ትምህርት ሕጉ የውጭ ዜጋ ልጆችን አይመለከትም፤ ትምህርት ቤቱ ቢቀበላቸውም ቋንቋው ከብዷቸው በመሃል ቀርተው በልጅነታቸው ፋብሪካ የገቡ የብራዚላውያን ልጆች ብዙ ናቸው። ባለቤትሽ በ15 ዓመቱ ያለ ቋንቋ ሲመጣ ምን እንደገጠመው እሱ ይንገርሽ። በ9 ዓመት ቋንቋ መያዝ ይቀላል፣ ሆኖም ዝግጅት ይፈልጋል።

ምን ታድርጊ? ከሩቅ ሆኜ ብዙ አልልም። ከቻልሽ ማንኛውንም ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት ሄደሽ ልጅሽን እያት፤ ባለቤትሽ አብሮሽ ቢሄድ ደግሞ የተሻለ ነው። እስከዚያው ስትደውይ ስለ ውጤት መጠየቁን ቀነስ አድርጊና ዛሬ ማን እንዳናደዳት ጠይቂያት። ዝም ካለች ዝምታውን በወሬ አትሙዪባት፤ ካኮረፈች ስልኩን ሳትዘጊ ቆይላት። ባለቤትሽን ደግሞ ስለ ቤቱ ሳታነሺ እናቱን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያገኛት ምን እንደተሰማው አንድ ምሽት ጠይቂው፤ ላይመልስልሽ ይችላል፣ አትግፊው።

ሁለታችሁም የምትጣሉት በጃፓንኛ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የማንኛችሁም የልብ ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚያናግራችሁ ባለሙያ ፈልጉ። የሃማማትሱ ከተማ የመድብለ ባህል ማዕከል በፖርቱጋልኛ የማማከር አገልግሎት አለው፤ ለባለቤትሽ መነሻ ይሆነዋል። አንቺ ብቻሽን በአማርኛ የምትናገሪበት ሰዓት ያስፈልግሻል፤ አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች በቪዲዮ ያማክራሉ። የቪዛውን ጉዳይ የሕግ ሰው ይየው።

ቤቱን ተዪው አላልኩሽም፣ ያንቺ ልፋት ነው። ስለ ትርፍ ሰዓቱ የምትነጋገሩት ግን ልጅሽን አይተሻት ከተመለስሽ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።