መልስ፦ የሸሹትን ሐዘን መቀስቀስ ምን ይፈይዳል?

«ለዓመታት የሸሸሁትን ሐዘን የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት መልሼ ብቆሰቁሰው ሕመሜን ከማባባስ በቀር ምን ይፈይድልኛል?» ብለው ለጠየቁት፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ ሊከብዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ማፈን ስሜቱን አያጠፋውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የታዘዙት ሰዎች ድቡን ከአእምሯቸው ማራቅ አልቻሉም፤ ክልከላው ሲነሣም ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው አስበውታል።

ሽሽት የሚጎዳን ለጊዜው ስለሚያሳርፈን ነው፤ በሸሸን ቁጥር እፎይታው ስሜቱ በእርግጥ አደገኛ እንደነበረ ያሳምነናል። አንዲት ሴት የአባቷን ሞት ፈገግ እያለች ስትተርክ፣ ባለሙያው ምክር ከመስጠት ይልቅ «አሁን ይህን ሲናገሩ ጉሮሮዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?» ብሎ ዝም ይላል እንበል። ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ታለቅሳለች፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ትንፋሿ ይረጋጋል። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ነገር ግን እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ እንደሚወርድ በገዛ ሰውነቷ አየችው፤ ይህን ደግሞ፣ በእኔ እይታ፣ የትኛውም ማብራሪያ አይተካውም። ከዚያ በኋላ የአባቷን ፎቶግራፍ ከመሳቢያ ማውጣትና ከእኅቷ ጋር ስለ እርሱ ማውራት ይቻላታል።

ከባድ የመከራ ትዝታ ካለብዎት ግን ይህንኑ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይናገሩ፤ ጥሩ ባለሙያ መረጋጊያ መንገዶችን ሳያስተምር ወደዚያ አይቸኩልም።