ለጅማ ልጆች፦ ስለ ግድግዳና ስለ ግራ እግር

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ የስፖርት መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ኳስ ልጽፍላችሁ ደጋግሜ አስቤ ሳይሆንልኝ ቆይቷል። አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ክረምት በገዛ ግቢዬ ያየሁት ነገር ነው።

የእህቴ የልጅ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ዕድሜው 14 ነው። ሻንጣውን ከፍቶ መጀመሪያ ያወጣው ዱላ ነበር፤ ጫፉ ላይ የመረብ ኪስ ያለው ዱላ። ጨዋታው ላክሮስ ይባላል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚጫወቱት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1908 በኦሊምፒክ ነበረ፤ በ2028 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ይመለሳል። ኳሷ ድፍን ጎማ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፣ 145 ግራም ገደማ ትመዝናለች። እኔ ገና ስጫወት ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ዱላና ሩር እንግዳ አልሆኑብኝም። የገረመኝ ልጁ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው።

እዚህ አብሮት የሚጫወት ሰው አላገኘም። ቢሆንም በየጠዋቱ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ከብሎኬት አጥሬ ፊት ይቆማል። ግድግዳው ላይ በከሰል ክብ ሠርቷል። ኳሷን ክቡ ላይ ይወረውራል፣ ስትመለስ ይቀልባል። ወንበር አውጥቼ ጠጋ ብዬ አየሁት። ኳሷ ስትደርስ ዱላውን አይገፋባትም፤ አብሯት ወደ ጆሮው ግድም ያፈገፍጋል። ያቺ ጠንካራ ጎማ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ መረቡ ውስጥ ትተኛለች። ማፈግፈጉን የረሳ ዕለት ነጥራ ጎመኑ ውስጥ ትገባለች፤ ሮጦ ያመጣትና ይቀጥላል። በግራ እጁ 50፣ በቀኙ 50፣ ደግሞ በግራው 50።

«ለምን በግራ ትጀምራለህ?» አልኩት።

«አባባ፣ ግራዬ ሰነፍ ነው። ሳልደክም ነው እሱን የማሠራው» አለኝ።

ይህች መልስ የቆየ ቁስሌን ነካችብኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ፈጣን ተማሪ ነበረኝ፤ ቀኝ እግሩ ወርቅ ነው። ለዞን ቡድን ምርጫ ወሰድኩት። በጨዋታው መጨረሻ አካባቢ ጎል ፊት ብቻውን ሆኖ ኳስ በግራው በኩል መጣችለት። ወደ ቀኙ ሊያዞራት ሲል ተከላካዩ ደርሶ ወሰደበት። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት። ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ሄደና፣ «ቲቸር፣ በግራ አሠርተውኝ ያውቃሉ?» አለኝ። አላሠራሁትም ነበር። ቀኙ ሲያምርልኝ ቀኙን ብቻ እያስመታሁ ነው ያሳደግኩት። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የተሰደበው እሱ ነው። ይቅርታ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው፤ እስካሁንም ይከነክነኛል።

በእርግጥ ጊዜም ኳስም አልነበረንም። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ 60 ተማሪ፣ 2 ኳስ። ተሰልፎ ተራው እስኪደርስ አንድ ልጅ በእግሩ ኳስ የሚነካው ከአሥር ጊዜ አይበልጥም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ በኋላ ደግሞ የሰፈር ሜዳዎች ይበልጥ ተጨናነቁ፤ ትንንሾቹ ዳር ቆመው ኳስ አቀባይ ሆነው ይመሻል። አሁን ሒሳቡን ሥሩ። ግድግዳ ፊት ብቻችሁን ብትቆሙና ኳሷ በየ3 ሴኮንዱ ብትመለስ፣ በ15 ደቂቃ 300 ጊዜ ትነኳታላችሁ። ሰልፍ የለም፣ ተራ የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የግድግዳውን ባለቤት አስፈቅዱ። የጭቃ ቤት አትምቱ፤ ምርጊቱ ይረግፋል፣ የሰው ቤት ነው። የቆርቆሮ አጥርም ሰፈር ይረብሻል፣ ኳሷንም አስተካክሎ አይመልስም። ብሎኬት ወይም ድንጋይ ፈልጉ። በጉልበታችሁ ከፍታ ምልክት አድርጉና ሦስት እርምጃ ራቁ። ከምትደርሱበት ርቀት ይልቅ ምልክቱን መምታታችሁን ተከታተሉ፤ ከሃያው አሥራ አምስቱን ሳትመቱ ወደ ኋላ አትሂዱ።

ኳሱ ቁጥር 5 ከሆነ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ለትንንሾች ቁጥር 4 ይሻላል። የጨርቅ ኳስም አትናቁ። አይነጥርም እንጂ ቁርጭምጭሚት ማጥበቅን ያስተምራል።

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ማብረድን ነው። ኳስ ስትመጣ እግራችሁን እንደ እንጨት ብትደቅኑባት ሁለት ሜትር ነጥራ የሌላ ሰው ትሆናለች። ልክ ስትነካችሁ የውስጥ እግራችሁን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሳብ አድርጉላት፤ ያ ልጅ በዱላው እንዳደረገው። ያኔ እግራችሁ ሥር ትቀመጣለች። የሆላንዱ ዴኒስ በርካምፕ አምስተርዳም ውስጥ ልጅ ሳለ ለሰዓታት ኳስ ከግድግዳ ጋር ይለጋ ነበር፤ እንዴት ሄዳ እንዴት እንደምትመለስ ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ ከአርጀንቲና ጋር 1 ለ 1 ሆነው ሊያልቅ ሲል፣ ከሩቅ የተላከችለትን ኳስ በአየር ላይ እንዳለች አበረዳት፣ በሁለተኛው ንክኪ ተከላካዩን አለፈ፣ በሦስተኛው አገባ። እኔ ያቺን ጎል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው የመጀመሪያው ንክኪ ላይ ነው።

በግራ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያበሳጫሉ፤ ኳሷ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ታናናሾቻችሁ ያያሉ፣ ታፍራላችሁ። ማፈሩን ቻሉት። ሲደክማችሁ ደግሞ አቁሙ፤ የዛለ እግር ስህተትን ነው የሚለምደው።

ግድግዳ የማያስተምረው ነገርም አለ። አይሸሽም፣ አይጋፋችሁም፣ መቼ መሮጥ እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። ከእሱ ጋር ብቻ የኖረ ልጅ ሜዳ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። መላው ቀላል ነው፦ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ከኋላችሁ ይቁምና ጣቶቹን ያንሳ። ኳሷ ሄዳ እስክትመለስ ዞር ብላችሁ ስንት እንደሆኑ ጥሩ። ትንሹም ይደሰታል፣ እናንተም ቀና ማለት ትለምዳላችሁ።

በክረምት የከተማችን ሜዳ ጭቃ ሲሆን ብዙዎቻችሁ ኳስ ትሰቅላላችሁ። በረንዳ ያለው ቤት ካለ ከጣሪያው ሥር ሦስት እርምጃ ቦታ ይበቃል።

ልጁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመለሰ። በከሰል የሠራው ክብ በዝናቡ ጠፍቶ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ ከእናቷ የቡና ምድጃ የበረደ ከሰል አምጥታ፣ ከጉልበቷ ከፍታ ላይ አዲስ ክብ ሠራችበት። ዕድሜዋ 11 ነው። ከትምህርት ቤት መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ታንኳኳለች። እኔ ወንበሬን አወጣለሁ፣ ጣቶቼን ከኋላዋ አነሳለሁ፣ እሷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ትናንት በግራ እግሯ ሳትስት 17 ደርሳለች።