«ወንድሜ» ስትዪ የትኛው ወንድምሽ ነው?

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 11፣ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው። የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ስንት ዓመት ተመዝግቤ የጠበቅሁት ሴክሽን ኤይት የሚሉት የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ በመጨረሻ ደረሰኝ። የድጋፉን ወረቀት፣ ቫውቸሩን፣ ሲሰጡኝ ቤት ፈልጊበት ያሉኝ 60 ቀን ነበር፤ አሁን 19 ቀን ቀርቶኛል። ስደውል አከራዮቹ «ቫውቸር» የሚለውን ሲሰሙ ድምፃቸው ይለወጣል። አንድ ሐበሻ አከራይ እሺ ብሎኛል፤ ግን ከሊዙ (ከኪራይ ውሉ) ውጪ በየወሩ 300 ዶላር በእጄ ስጪኝ ይላል። ወንድሜ ደግሞ «የእኔ ቤዝመንት (ከቤቴ ሥር ያለው ክፍል) ባዶ ነው፣ ገንዘቡም ከቤተሰብ አይወጣ» አለኝ። የቱን ልያዝ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሀ.

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቀጥሎ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ወንድሜ» ያልሽው የእናትሽ ልጅ ነው ወይስ የአጎትሽ ልጅ? እኛ ዘንድ ይህን መለየት ደስ አይልም። አንድ ቤት ያደገ ሁሉ ወንድም ነው። ፎርሙ ላይ ግን ነገሩ በሙሉ እዚህ ቃል ላይ ይወድቃል።

በቫውቸር ከወላጅ፣ ከልጅ፣ ከአያት፣ ከልጅ ልጅ፣ ከእህትና ከወንድም መከራየት አይፈቀድም። ዝምድናው የሚታየው ከአንቺ ጋር ብቻ አይደለም፤ ቫውቸሩ ላይ ስሙ ካለ ከማንኛውም ሰው ጋር ነው። የልጆችሽ አባት እናት ላንቺ በሥጋ አትዛመድሽም፤ ለልጆችሽ ግን አያት ናት። ስለዚህ ከእሷም መከራየት አትችዪም። ቫውቸሩን የሰጠሽ ቢሮ ከዚህ ውጪ የሚፈቅደው ከቤተሰቡ አካል ጉዳተኛ ኖሮ፣ ያ ቤት ለእሱ እንደሚያስፈልገው ሲታመንበት ነው።

የእናትሽ ወይም የአባትሽ ልጅ ከሆነ እንግዲህ አመስግኚውና ተዪው። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ አጎት፣ የክርስትና አባት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የአጎትሽ ልጅ ከሆነ ኬዝ ወርከርሽ፣ ጉዳይሽን የያዘችው የቢሮው ሠራተኛ፣ ስትጠይቅሽ «ወንድሜ ነው» እንዳትዪ። «የአጎቴ ልጅ ነው» በዪ። በዚች አንድ ቃል ምክንያት ፋይላቸው የተመለሰባቸውን አይቻለሁ። ውሸት አልተናገሩም፤ በአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ መለሱ እንጂ።

የአጎትሽ ልጅ ቢሆንም ቤዝመንቱ ራሱን የቻለ ቤት መሆን አለበት። የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት፣ የሰው ቤት ሳያቋርጥ የሚያስገባ በር ያስፈልገዋል። መኝታ ክፍሎቹ መስኮት ይኑራቸው። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሥራ። አንቺ ባለሽበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚያከራይ ሰው ደግሞ የካውንቲው የኪራይ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ቤዝመንት ያለ ፈቃድ እንደተሠራ አንቺም ታውቂያለሽ። ቤቱን የሚመረምረው የቢሮው ኢንስፔክተር ሳይመጣ አንድም ዶላር አይከፈልም፤ ስለዚህ የአጎትሽን ልጅ ዛሬውኑ ቁርጡን ጠይቂው።

አሁን ወደ 300 ዶላሩ። እምቢ በይ። በሊዙ ላይ ከተጻፈውና ቢሮው ካጸደቀው ኪራይ በላይ መቀበል ለአከራዩ ክልክል ነው። ሲታወቅ አንቺም ቫውቸሩን ልታጪው ትችያለሽ። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ችግራችንን የሚያውቁ የራሳችን ሰዎች ናቸው። «ላንቺ ብዬ ነው እኮ» ይሉሻል።

ሒሳቡን በምሳሌ ልንገርሽ። ለልጆችና ለመሳሰሉት የሚቀነሰው ተቀንሶ የወር ገቢሽ 2,400 ዶላር ነው እንበል። ከዚያ 30 በመቶው፣ ማለትም 720 ዶላር፣ ያንቺ ድርሻ ነው። ቢሮው ለባለ ሁለት መኝታ የሚሸፍነው ጣሪያ 2,200 ቢሆንና ኪራዩ ከመብራትና ከጋዝ ጋር 2,200 ቢመጣ፣ ቀሪውን 1,480 ቢሮው ይከፍላል። ኪራዩ 2,400 ከሆነ ግን ከጣሪያው የበለጠው 200 ባንቺ ላይ ይመጣል፤ 920 ትከፍያለሽ። ቤቱን መጀመሪያ ስትይዢ ድርሻሽ ከገቢሽ 40 በመቶ ማለፍ የለበትም። ያንቺ 40 በመቶ 960 ነው። 920 ከዚያ በታች ስለሆነ ይፈቀዳል፤ 2,500 የተጠየቀበት ቤት ግን ድርሻሽን 1,020 ስለሚያደርገው አይጸድቅም።

እንግዲህ 720 ላይ 300 በእጅ ስትጨምሪ ስንት ይመጣል? ይኸው 1,020። ሰውዬው የሚጠይቅሽ ቢሮው ራሱ «ለዚች ሴት ይከብዳታል» ብሎ የከለከለውን ገንዘብ ነው። ቤቱ የእውነት ተጨማሪ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ በወረቀት ይጠይቅ። ቢሮው በአካባቢው ካሉ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር አስተያይቶ ያጸድቃል ወይም ይከለክላል። ይህን በደግ ቃል ንገሪው። ከተቆጣ ሌላ ቤት ፈልጊ።

የሚያስጨንቀኝ ግን 19 ቀኑ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቫውቸሬን ያጣሁት ቀን አሳልፌ ነው። ለአንድ አፓርትመንት ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ እንደውልልሻለን» እየተባልኩ ጠበቅሁ። ቀኑ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ቢሮ ሄጄ ጨምሩልኝ አልኩ። «ሳያልፍ ብትመጪ ኖሮ» አሉኝ። ተመልሼ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ያለቀስኩትን ልቅሶ እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባትሽ በፊት፣ ለኬዝ ወርከርሽ በጽሑፍ «ጊዜ ይጨመርልኝ» በዪ። የደወልሽላቸውን አከራዮች ከነቀኑ አያይዢላት። መጨመር በአብዛኛው የቢሮው ፈቃድ ነው፤ ግን ማስረጃ ላላት ሴት እምቢ ማለት ይከብዳል። ሌላም ልብ በዪ። አርኤፍቲኤ የሚሉትን የማጽደቂያ ወረቀት አከራዩ ሞልቶ አንቺ ካስገባሽበት ቀን ጀምሮ፣ መልሱ በጽሑፍ እስኪሰጥሽ ቀኑ መቁጠር ያቆማል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ በከንቱ ተጨንቀናል።

«ቫውቸር አንቀበልም» ለሚሉሽም መልስ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ተከራይን በገቢው ምንጭ መከልከል በሕግ ተከልክሏል። ቫውቸርም እንደ ገቢ ምንጭ ይቆጠራል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ትንሽ ቤት ላይ ሕጉ ላይሠራ ይችላል፤ ትልልቆቹ አፓርትመንቶች ግን ያገኛቸዋል። አትደውዪላቸው፤ በቴክስት ወይም በኢሜይል ጠይቂ። እምቢታው በጽሑፍ ይቀመጥልሽና ለካውንቲው የሰብዓዊ መብት ቢሮ ታቀርቢዋለሽ።

ዲፖዚቱን (ለአከራዩ የሚሰጠውን መያዣ) ቫውቸሩ አይከፍልልሽም፤ ካሁኑ አዘጋጂው። ከጥቅምት 2024 ወዲህ በሜሪላንድ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ አይችልም። ኢንስፔክሽን ሳያልፍና ቢሮው ሳያጸድቅ ደግሞ ዕቃሽን እንዳታስገቢ። ቀድመሽ የገባሽበት ጊዜ ሙሉ ኪራይ ካንቺ ኪስ ይወጣል።

ጥያቄ

እኔም በቫውቸር ነው የምኖረው። ባለቤቴ ከጎንደር ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ሥራ ስትጀምር ኪራዩ ይጨምርብናል ብዬ ለቢሮው አልነገርኩም። ጥፋት ነው?

ተ.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ

አቶ ተ.፣ እንኳን በሰላም አገናኛችሁ። አዎ፣ ማሳወቅ ነበረብዎት። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ቢሮው ያጸደቀው ሰው ብቻ ነው። ልጅ ሲወለድ ማሳወቅ ይበቃል፤ ለትልቅ ሰው ግን ቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። የአከራዩም ስምምነት ያስፈልጋል። ደመወዝ ስታገኝ ድርሻችሁ ይጨምራል፤ እውነት ነው። ግን ከጭማሪው አብዛኛው እናንተ ዘንድ ይቀራል። ተደብቆ ከተገኘ ያለፈውን መልሱ ይላሉ፤ ቫውቸሩንም ሊነጥቁ ይችላሉ። የጋብቻ ወረቀቱንና የመጣችበትን ቀን የሚያሳይ ፓስፖርት ይዘው በዚህ ሳምንት ይሂዱ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ይዘው አይሂዱ።