ሠራተኛ ሲገባና ሲለቅ፦ ለአይቲ ሰፖርት ቃለ መጠይቅ ለተጠራች የድሬዳዋ ተመራቂ

እህታችን፣ ጥያቄሽ ይኸው ነው፦ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሻል። አንድ የሎጂስቲክስ ድርጅት ለአይቲ ሰፖርት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶሻል። ማስታወቂያው ላይ «ሠራተኛ ሲቀጠርና ሲለቅ አካውንትና ዕቃ ማስረከብ፣ መረከብ» የሚል ሥራ አይተሽ፣ እኔ የተማርኩት ኮዲንግ ነው፣ ከፍዬ የኔትወርክ ኮርስ ልግባ ወይ ብለሻል።

አትግቢ። በሁለት ሳምንት ኮርሱ አያልቅም፤ የሚጠይቁሽም እሱን አይደለም። ይህ ሥራ ማን፣ ምን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተፈቀደለትና ማን እንደፈረመበት ማወቅ ነው። ቴክኒኩን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትለማመጂዋለሽ።

ዝግጅትሽን ከሚለቀው ሠራተኛ ጀምሪ። አብዛኛው ተወዳዳሪ አካውንት እንዴት እንደሚከፈት ነው የሚያወራው። ነገር ግን አዲስ ሠራተኛ ፓስወርድ ካልተሰጠው ራሱ መጥቶ በርሽን ያንኳኳል፤ የለቀቀ ሰው አካውንት ክፍት ሲቀር ግን አቤት የሚል ማንም የለም። ችግሩ ከክሊራንሱ ይጀምራል። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ መጋዘን ይዞርና በመጨረሻ አይቲ ዘንድ ይደርሳል፤ አይቲው ላፕቶፑን አይቶ ይፈርማል። ያኔ ሰውየው ሥራ ካቆመ ሳምንት ሊሆነው ይችላል፤ ኢሜይሉ ግን እንደተከፈተ ነው። ስለዚህ ወሬው ለአይቲ መድረስ ያለበት የመልቀቂያ ደብዳቤው ገቢ በሆነ ቀን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያ 30 ቀን የአንቺም የሥራ ጊዜ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግሽ በቴሌግራም ላሳይሽ። እዚህ ድሬ ከሹፌሩ፣ ከትራንዚተሩና ከደንበኛው ጋር ያለው ሥራ በብዛት በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚሄደው፤ የግሩፑ ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ነው። ባለቤትነቱን ለሌላ ለማስተላለፍ ሰውየው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ሊሆነው፣ በዚያ ስልክ ከገባም 24 ሰዓት ሊያልፈው ይገባል። በመጨረሻው ቀን ብትጠይቂው ቢፈልግም ማስረከብ አይችል ይሆናል። የፌስቡክ ገጹ አስተዳዳሪ ማን እንደሆነና የማረጋገጫ ኮድ በማን ሲም ካርድ እንደሚመጣም በዚያው ሰሞን አጣሪ።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የድርጅቱ ኢሜይልና ፋይል በማይክሮሶፍት 365 ከሆነ መጀመሪያ መግባትን ትከለክያለሽ፣ ከዚያ የተከፈቱ ሴሽኖችን፣ ማለትም በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ገብቶ የተዋቸውን፣ በሙሉ ትሰርዣለሽ፣ ፓስወርዱንም ትቀይሪያለሽ። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ስልኩ ላይ ቀድሞ የገባው አፕ የያዘው ፈቃድ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ የኢሜይል ሳጥኑን ወደ የጋራ ሳጥን ትቀይሪዋለሽ፤ እስከ 50 ጊጋ ድረስ ላይሰንስ አይጠይቅም። ፋይሎቹን ለኃላፊው ታስተላልፊያለሽ። ላይሰንሱን የምታነሺው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ላይሰንሱን ቀድሞ ያነሳ ሰው ሳጥኑን በ30 ቀን ውስጥ ካልታደገው ደብዳቤዎቹን ያጣል። አካውንቱን አትሰርዢ፣ ዝጊው። በስህተት የተሰረዘ ተጠቃሚ በማይክሮሶፍት 30፣ በጉግል ወርክስፔስ 20 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የለም። የተባረረ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የሰው ሀብት ኃላፊው እያነጋገረው ባለበት ሰዓት ነው የሚዘጋው። ቀደም ካልሽ ሰውየው መባረሩን ከኮምፒውተሩ ይሰማል፤ ይህ በማንም ላይ ሊደረግ አይገባም።

የጋራ ፓስወርዶችን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል፦ ዋይፋይ፣ የካሜራው መቅረጫ (ዲቪአር)፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ የፒችትሪ አድሚን፣ ራውተር። እነዚህ በሰው ስም ስላልተከፈቱ የሰውየውን አካውንት ብትዘጊም አይዘጉም። በዝርዝር ጻፊያቸው፤ የሚያውቃቸው ሰው በለቀቀ ቁጥር ይቀየሩ። ከጣት አሻራ ማሽኑም ስሙ ይውጣ።

ዕቃ ስትረከቢ ሰውየው አጠገብሽ ይቁም። ላፕቶፑን አብሪው፤ ሲሪያል ቁጥሩን ሲወስድ ከፈረመበት ጋር አስተያዪ፤ ቻርጀሩ ያው መሆኑን እዪ። ስር ሽፋኑን በእጅሽ ዳብሺ፤ በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ የሚውል ላፕቶፕ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዙ የማስከፈቻ ቁልፍ እጅሽ ላይ መኖሩን አረጋግጪ። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ሰውየው የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ ራሱ ያውጣ፤ ሳያወጣ ስልኩ ከሪከቨሪ ሪሴት ከተደረገ የቀድሞውን አካውንት ፓስወርድ እየጠየቀ ይቆማል። የስልኩን የቀፎ መለያ ቁጥር (IMEI) በ*#06# አውጥተሽ ከመዝገብሽ ጋር አመሳክሪ። በግል ስልኩ ላይ የድርጅቱ ኢሜይል ካለ የድርጅቱን አካውንት ብቻ አንሺ፤ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የልጆቹን ፎቶ ማጥፋት ነው።

በዚያው ቀን ፈርሚለት። አዋጁ የመጨረሻ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል፤ ሠራተኛው ንብረት በመመለስ በራሱ ጥፋት ከዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። አንቺ ቢሮ ባለመገኘትሽ የሰው ደመወዝ መቆም የለበትም።

አዲስ የሚገባው ሠራተኛ ጉዳይ ቀለል ይላል፤ ሆኖም ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ ስም ነው። በስምና በአባት ስም ዩዘርኔም ካወጣሽ እዚህ ከተማ ሁለተኛው መሐመድ አህመድ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥሩን ጨምሪበት። የላቲን አጻጻፉን ፋይዳው ላይ እንዳለ ውሰጂ። ሌላው ቀን ነው። የሰው ሀብት ደብዳቤ «እስከ ሐምሌ 30» ይላል፤ ሲስተሙ ውስጥ ጁላይ 30 ብለሽ ከሞላሽ ግን ያ ሐምሌ 23 ነው፤ ሰውየው ሳምንት ቀድሞ ይዘጋበታል። ትክክለኛው ኦገስት 6 ነው። «12 ሰዓት ላይ ዝጊ» ሲሉሽም ማታ መሆኑን ጠይቀሽ በሲስተሙ 18፡00 ብለሽ ሙዪ።

ለልምምዱ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃሻል። በላፕቶፕሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬደውን ቨርቹዋልቦክስ ጫኚ፤ የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂ 180 ቀን በነፃ ይሠራል። ፋይሉ 5 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርጂው። የሠራተኞችን አካውንት በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን አክቲቭ ዳይሬክተሪ አቁሚና ለፋይናንስ፣ ለመጋዘን፣ ለትራንዚት ግሩፕ ክፈቺ፤ የፎልደር ፈቃድ ለግሩፑ እንጂ ለሰው ስም አትስጪ። አንድ ዊንዶውስ ፕሮ ኮምፒውተር ከእሱ ጋር አገናኚ፤ ሆም የሚባለው አይገናኝም። ከዚያ በአንዱ ተጠቃሚ አንዴ ገብተሽ ውጪ፣ አካውንቱን ከሰርቨሩ ዝጊ፣ የኮምፒውተሩን ኔትወርክ ቁረጪና እንደገና ለመግባት ሞክሪ። ይገባል። ዊንዶውስ የቀድሞ መግቢያዎችን እዚያው ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ላፕቶፑ ቤት ያለ የቀድሞ ሠራተኛ አካውንቱ ተዘግቶም ማሽኑን የሚከፍተው በዚህ ነው። ይህን በራስሽ አይተሽ ካስረዳሽ ጠያቂዎቹ የኮርስ ወረቀት አይፈልጉብሽም።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ገጽ ፎርም አትመሽ ያዢ፤ በፊቱ ለሚገባ፣ በጀርባው ለሚለቅ ሠራተኛ። የሚሰጥና የሚመለስ ዕቃ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ አካውንት፣ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሰው ሀብት፣ የቅርብ ኃላፊ፣ የአይቲና የሠራተኛው ፊርማ ይኑረው። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ሠራተኛ ሊለቅ ሲል ለአይቲ የሚያሳውቀው ማን እንደሆነና ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ ጠይቂ። ማንም አያሳውቅም ካሉሽ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ግልባጭ ለአይቲ እንዲደርስ የሚያዝ አንድ መስመር ከፎርሙ አናት ላይ መኖሩን አሳዪያቸው።