ሎጥ ሰዶምን የመረጠው በየትኛው ቀን ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ አዌቱ ወንዝ ዳር ስንሄድ ከመካከላችሁ አንዱ "ጋሼ፣ ጅማ ልቅር ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ዘፍጥረት ምዕራፍ 13ን ገለጥኩ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ምድሪቱ ለአብራምና ለሎጥ መንጋ አልበቃ ብላ እረኞቻቸው ተጣሉ። አብራም አጎት ነው፤ ቀድሞ መምረጥ የሚገባው እርሱ ነበር። ምርጫውን ግን ለወንድሙ ልጅ ተወለት። ሎጥም ዓይኑን አንሥቶ ውኃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ ወሰደ። በልጅነቴ የሰማሁት ስብከት ሁሉ ሎጥን ስግብግብ አድርጎ የሚያሳይ ነበር።

ዕድሜዬን በቡና ሙያ ስለጨረስኩ ይሆናል፣ ይህ አይዋጥልኝም። ከብት ያለው ሰው ውኃ ያለበትን ምድር ካልመረጠ ምን ይምረጥ? በጴጥሮስ መልእክትም "ጻድቅ" ተብሏል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼም ነቢዩ ሉጥ ብለው በክብር ነው የሚያነሱት።

እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በምዕራፍ 13 ድንኳኑን ወደ ሰዶም አስጠጋ። በምዕራፍ 14 ሰዶም ውስጥ ይኖራል፤ ነገሥታት ማርከውት አብራም ያስመልሰዋል። ያ ሁሉ ደርሶበትም በምዕራፍ 19 በዚያችው ከተማ በር ተቀምጦ እናገኘዋለን። "ሰዶምን መረጥኩ" ያለበት ቀን የትም አልተጻፈም። ችካል ነቀለ፣ ችካል ተከለ። በመጨረሻዋ ማለዳ እንኳ ዘገየ፤ መላእክቱ እጁን ይዘው አወጡት።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ለጋ ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ አገራችን ገባ። እኛን ያስተማሩን፣ ጅማ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ታላላቆች በተጎዳው ቡና መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችን ፍለጋ ጫካ ለጫካ ተንከራተቱ። ዛሬ ገበሬው በቁጥሩ የሚጠራው የቡና ዝርያ፣ 74110፣ ከመቱ አካባቢ የተገኘው ያኔ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታሉ። ለገበሬ የተለቀቀው ግን በ1979 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በሽታውን ሆን ብለው እያስያዙ ፈተኑት፣ ምርቱን መዘኑ። አብረውት ከተመረጡት ብዙዎቹ ወድቀው ቀሩ። እርሱ በየዓመቱ እንደገና ተመረጠ ማለት ነው።

እኔ ራሴን እንዲህ አልፈተንኩም። በወጣትነቴ "ለስድስት ወር ብቻ" ተብዬ አዲስ አበባ ቢሮ ገባሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። ያስገደደኝ የለም። የቤት ኪራይ ውል አደስኩ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገባሁ፣ ሶፋ ገዛሁ። ከሁሉ የያዘኝ ሶፋው ነው ብል አትሳቁ፤ በበሩ አልወጣ ብሎ ነበር። ጅማ ስመለስ በችግኝነቱ የተውኩት ቡና አርጅቶ ተጎንድሏል፤ የምርት መዝገቤም በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል።

እንግዲህ አንተ ጠያቂዬ፣ ብትሄድም ብትቀርም አልቆጣም። የምትኖርበትን ቦታ ብቻ ንገረኝ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ደውዬ "ዛሬም መርጠኸው ነው ወይስ ተረስተህበት?" እልሃለሁ። ስልክህን አንሣ።