ልጄ በካቶሊክ ትምህርት ቤት የዕብራውያንን መጻሕፍት ታጠናለች፤ ላስወጣት ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። በዚሁ በእኛ አቅጣጫ ባለ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትማራለች። ያስገባናት ለሥነ ሥርዓቱና ለትምህርቱ ጥራት ብለን ነው። ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለፈለገ ተማሪ የሚሰጥ የዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት ጀመረች። የሚያስጠኗቸው አንዲት ሲስተር ናቸው። በቀደም መጥታ «እማዬ፣ ሄኖክና ኩፋሌ እኮ በዕብራይስጡ ውስጥ የሉም። የእኛ መጽሐፍ ለምን 81 ሆነ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጎረቤቴ «ነገ ካቶሊክ ሆና ነው የምታገኛት፣ ዛሬውኑ አስወጫት» ትለኛለች። ላስወጣት ወይ? ትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ሲኖረውስ ምን ታድርግ? የዕብራይስጥ ፊደል መማርም አምሯታል።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ሳላንዛዛ ልንገርዎ፦ አያስወጧት። የ10ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ አንብባ፣ ገርሟት፣ ጥያቄውን ይዛ ወደ እናቷ መምጣቷ ደስ የሚል ነገር ነው። ስንቱ ወላጅ ልጁ ከስልክ ላይ ቀና ብሎ አንድ ነገር እንዲጠይቀው ይመኛል! እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄዋ ቤት ውስጥ መልስ አጥቶ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ መልሱን አብረን እናብጀው።

መጀመሪያ ሲስተሯ የተናገሩት ነገር ውሸት አይደለም። አይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን በሦስት ይከፍላሉ። ኦሪት 5፣ ነቢያት 8፣ ጽሑፎች የሚሏቸው ደግሞ 11፤ ድምሩ 24 ነው። ቁጥሩ ያነሰው እኛ ለየብቻ የምንቆጥራቸውን አንድ ላይ ስለሚቆጥሩ ነው። አሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያት ለእነሱ አንድ መጽሐፍ ናቸው። ሳሙኤል አንድ፣ ነገሥት አንድ፣ ዜና መዋዕል አንድ፣ ዕዝራና ነህምያም አንድ። ሲተነተን ፕሮቴስታንቶች የሚይዙት 39 ይሆናል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሄኖክም ኩፋሌም የሉም። ልጅዎ የሰማችው ልክ ነው።

ይህን አከፋፈል ጌታም ጠቅሶታል። ከትንሣኤው በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ «በሙሴ ሕግና በነቢያት በመዝሙራትም» ስለ እርሱ የተጻፈው ሁሉ ሊፈጸም እንደሚገባ ነግሯቸዋል (ሉቃ. 24፥44)። «ከአቤል ደም ጀምሮ እስከ ዘካርያስ ደም» ያለውንም ልብ ትበል (ሉቃ. 11፥51)። አቤል በዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ነው። ዘካርያስ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ሲገደል የምናነበው ዜና መዋዕል ላይ ነው። አይሁድ ዛሬም መጽሐፋቸውን በዘፍጥረት ከፍተው በዜና መዋዕል ይዘጋሉ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ልጅ የዕብራውያኑን አደራደር ካላየ አያስተውለውም። ሐሙስ የምትማረው ለወንጌል ንባቧም ይጠቅማታል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 81 እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ብሉይን 46፣ ሐዲስን 35 አድርጋ ትቆጥራለች። 35 የሚሆነው 27ቱ ላይ ስምንቱ የሥርዓት መጻሕፍት፣ እነ ዲድስቅልያና ቀሌምንጦስ፣ ሲጨመሩ ነው። ካቶሊኮችም ብሉይን 46 ይላሉ፤ ጠቅላላው ለእነሱ 73 ነው። እዚህ ላይ ልጅዎ እንዳትሳሳት። 46ና 46 ቁጥሩ ገጠመ እንጂ ዝርዝሩ አንድ አይደለም። ጦቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክ፣ ባሮክ በሁለታችንም ዘንድ አሉ። ሄኖክና ኩፋሌ ግን በእነሱ የሉም። መቃብያንም ቢሆን ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የእነሱ መቃብያንና የእኛ መጽሐፈ መቃብያን ታሪካቸው ለየቅል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ብታነብ ራሷ ታየዋለች።

ታዲያ የአይሁድ ዝርዝር ለምን አይገዛንም? ሐዋርያት በስብከታቸውና በመልእክቶቻቸው በብዛት የጠቀሱት ሰባው ሊቃናት በእስክንድርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ግሪክ የተረጎሙትን ብሉይ ነው። እዚያ ውስጥ ከ24ቱ ውጭ የሆኑ መጻሕፍት አሉ። ትውፊታችን ብሉይ ኪዳን አስቀድሞ በቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን መጣ ይለናል። በአክሱም ዘመን የተተረጎመው፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ግእዝ ደግሞ በአመዛኙ ከዚያ ከግሪኩ ጋር ይሄዳል። የተቀበልነው ከአባቶች ነው፤ ከምኩራብ ዝርዝር ቆርጠን የወሰድነው አይደለም።

ሄኖክን ደግሞ ሐዋርያው ይሁዳ በስም ጠርቶ «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነ ሄኖክ ትንቢት ተናገረ» ብሎ ጠቅሶታል (ይሁዳ 14)። ሌላው ዓለም መጽሐፉን አጥቶት ነበር። ሙሉውን ያቆየው ግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ከሀገራችን ቅጂ ይዞ ሲመለስ አውሮፓ እንደ አዲስ ነገር ተቀበለው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻዎች፣ የጥንት ብራናዎች ተገኙ። በውስጣቸው የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ፣ የኩፋሌ ቁርጥራጮች በዕብራይስጥ አሉ። ስለዚህ ልጅዎ እንዲህ ብላ ብትመልስ ትክክል ናት፦ ኩፋሌ አይሁድ ዛሬ በሚቆጥሩት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከክርስቶስ በፊት የነበሩ አይሁድ ግን በዕብራይስጥ ያነቡት ነበር። ይህን በትሕትና ትናገር። ሲስተሯም የሚቆጡ አይመስለኝም፤ ዛሬ የካቶሊክ ሊቃውንትም የሚያውቁት ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳንኤል በዕብራይስጡ አደራደር ከነቢያት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ከጽሑፎች ጋር ነው። ልጅዎ ይህንም ትሰማ ይሆናል፤ እንዳትደነግጥ። ጌታችን «በነቢዩ በዳንኤል የተባለውን» ብሎታል (ማቴ. 24፥15)። ለእኛ ይህ ይበቃናል።

ዳንኤልን ካነሳሁ አይቀር፣ የጥያቄዎ ዋና መልስም ያለው እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ተማርከው የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ ታዘዘ። አልማርም አላሉም። ተማሩ። ስማቸው ሲለወጥ እንኳ ነገር አላነሱም። እምቢ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ የንጉሡን መብልና የወይን ጠጅ። ጥራጥሬና ውኃ ስጡን አሉ። እግዚአብሔርም በትምህርትና በጥበብ ሁሉ ማስተዋልን ሰጣቸው። ካቶሊኮቹን ከባቢሎን ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፤ ሲስተሯ እያስተማሩ ያሉት የነቢያትን ቃል ነው። እኔ የምለው ልጅዎ ትምህርቱን ትውሰድ፣ ጾሟንና ጸሎቷን ግን አትልቀቅ። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ሽሮ ይሁን፣ ምስር ይሁን፣ የጾም ነገር ይኑር። ጓደኞቿ እንቁላል ሲበሉ እሷ የያዘችውን ለምን እንደያዘች ካወቀች፣ ስለ እምነቷ ከመቶ ስብከት ይልቅ ያጸናታል።

የጎረቤትዎም ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የካቶሊክ እምነት በዐዋጅ ሲጫን ስንት ሰው እንዳለቀ አባቶቻችን አልረሱትም። «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የተባለው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ልጅዎን ማንም በግድ እየወሰዳት አይደለም። ልዩነታችን ግን ዛሬም አለ። በ451 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ እኛ አንቀበልም፤ እነሱ ይቀበላሉ። ስለ ሮማ ፓፓ ሥልጣንም፣ መንፈስ ቅዱስ ከአብ ብቻ ነው ወይስ ከወልድም የሚወጣው በሚለውም አንስማማም። 10ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ይህን በግልጽ፣ ያለ ስድብ ልታውቀው ይገባል። «እነሱ እኮ መናፍቃን ናቸው» ብለው ብቻ ዝም ካሰኟት፣ ነገ ሲስተሯ በደግነት ሲያስተናግዷት ማንን እንደምታምን ግራ ይገባታል።

ቅዳሴውን በተመለከተ ጠንቀቅ ይበሉ። በሀገራችን በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊኮች አሉ። ልብሱም፣ ዜማውም፣ «እግዚኦ ተሠሃለነ»ውም የእኛው ነው የሚመስለው። ልጅ ቢምታታባት አይፈረድባትም። ሥርዓታችን ከሌላ እምነት ጋር በጸሎት መተባበርን አይፈቅድም፤ ቁርባን መቀበል ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ስለዚህ ቀድመው ትምህርት ቤቱ ሄደው ርእሰ መምህሯን ያነጋግሩ። «ልጄ ኦርቶዶክስ ናት፣ በቅዳሴው ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ትቀመጥ» ይበሉ። በአክብሮት ከተነገራቸው የሚረዱ ይመስለኛል። ልጅቷ ራሷ በሰልፍ መሐል እንድትከራከር ግን አይተዉአት። ለንስሐ አባታችሁም ይንገሩ፤ ልጅቷን በቅርብ የሚያውቋት እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ማታ ደግሞ አንድ ነገር ይሞክሩ። ከጥናቱ ስትመለስ እራት ከተበላ በኋላ የሐሙስን ውዳሴ ማርያም አብራችሁ ክፈቱ። የሚጀምረው ሙሴ በሲና በረሃ ባያት፣ እሳት እየነደደባት ባልተቃጠለችው ዕፅ ነው። ልጅዎ ዘፀአት ምዕራፍ 3ን ከሲስተሯ ጋር አንብባ ከሆነ፣ ያቺኑ ዕፅ እዚህ ታገኛታለች፤ እመቤታችን ሆና። መለኮትን ተሸክማ ያልተቃጠለች ድንግል። የብሉይን ትርጓሜ የእኛ መምህራን እንዲህ ነው የሚያስተምሩት። ታሪኩን ታሪክ ነው ብለው ይቀበሉታል፤ ከዚያ ወደ ክርስቶስ ያደርሱታል። በትምህርት ቤት ታሪኩን በደንብ ከያዘች፣ ቤት ውስጥ ምሥጢሩን ለመቀበል ይቀላታል። «ምን አውቄ ነው የማስረዳት?» አይበሉ፤ ማንበብ ብቻ በቂ ነው። ጢሞቴዎስን ያስታውሱ። አባቱ ግሪካዊ ነበር። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቋል። ቅዱስ ጳውሎስ እምነቱን ሲያመሰግን የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ነው የሚጠራው።

የዕብራይስጥ ፊደሉን ትማር። እንዲያውም ፊደሉ ቤታችሁ ያለ ይመስለኛል። ዳዊት ካላችሁ መዝሙር 118ን ግለጡ። በተለመደው አከፋፈል የዓርብ ዳዊት ውስጥ ነው። በየስምንቱ ቁጥር ራስጌ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ይወርዳል። 22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው፤ መዝሙሩም 176 ቁጥር ነው። አያቶቻችን ዕብራይስጥ ሳይማሩ ስማቸውን በቃላቸው ይዘውታል። ሲስተሯ ጋር ይህ መዝሙር 119ኛው ነው፤ እንዳትጣላበት። ግእዙ ዳዊት እንደ ግሪኩ 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ከዚያ ወዲያ አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዕብራይስጡ 23ኛው፣ በእኛ 22ኛው የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ መጨረሻው ቁጥሩ እንደገና ይገጥማል፤ በእኛ ላይ 151ኛው መዝሙር ይጨመራል።

ከዕብራይስጡ ጋር ግእዙንም ብታስጀምሯት እመርጣለሁ። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን የያዘ ሌላው አይከብደውም። የሰፈራችሁ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የግእዝ ክፍል ካለው ይጠይቁ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ወንበሩ አግዳሚ ነው ብላ አትናቀው። የሐሙሱን ደብተሯንም ይዛ ትሂድ። መምህሩ የጻፈችውን አይቶ ከግእዙ ጋር ያገናዝብላታል፤ ያልገባትንም እዚያው ትጠይቀዋለች።